«አንድ ቀን ይጠቅማል»

ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የጓዳውን በር ከፍታችሁ ለጥቂት ጊዜ ቆማችሁ ተመልከቱ። የተቆለለውን ዕቃ አንድ በአንድ ብትቆጥሩ፣ ዓመት ሙሉ እጅ ያልነካው እንደሚበዛ ትረዳላችሁ። እጀታው የወለቀ ዶማ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ መስታወቱ የተሰበረ ፋኖስ ታገኛላችሁ። ስለ ምን እንደተቀመጡ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ትባላላችሁ።

ይህን አባባል ያነሣሁት ላፌዝበት አይደለም። ማሪ ኮንዶ የተባለች ጃፓናዊት ደራሲ በ2014 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በታተመላት መጽሐፍ፣ ሰው ደስታ የማይሰጠውን ዕቃ ሁሉ ከቤቱ እንዲያስወጣ ትመክራለች። ምክሩ የጣለውን ዕቃ በነጋታው ገዝቶ ሊተካ ለሚችል ሰው ይስማማው ይሆናል። የተቀደደ ጆንያ ግን ደስታ ባይሰጥም ይጣፋል፤ የወለቀ ዶማም እጀታ ይገባለታል። እኔ የምቃወመው ዕቃ መጠበቁን ሳይሆን፣ አሮጌ ዕቃና የዓመት ቀለብ በአንድ ጓዳ መታጨቃቸውን ነው።

ከአረካ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በዱቦ አንድ ቤት በእንግድነት አድሬ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው። በወላይታ ሚያዝያ ያለፈው መኸር በቆሎ የሚሟጠጥበት፣ አዲሱም ገና ቡቃያ የሚሆንበት ወር ነው። እማወራይቱ ከአሮጌ በርና ከማዳበሪያ ከረጢት ክምር ጀርባ አንድ ጆንያ በቆሎ እንዳስቀመጡ ያውቁ ስለነበር፣ ልጆቻቸው ክምሩን አንሥተው አወጡላቸው። ጆንያው ሲፈታ ከፍሬው ይልቅ ዱቄቱ በዛ። ነቀዝ በልቶታል። እማወራይቱ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሰፌድ አምጥተው፣ የተረፈ ፍሬ ይኖር እንደሆነ ማበጠር ጀመሩ።

ነቀዝ የሚያጠፋው ተደብቆ ነው። እናቲቱ የበቆሎውን ፍሬ ፈልፍላ እንቁላሏን ከከተተች በኋላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉም ውስጡን እየበላ ያድግና፣ በሞቃት ሥፍራ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጎልማሳ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል እህል ከውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል። በግድግዳው ስንጥቅና በአሮጌው ጆንያ ስፌት የቀረች የአምና ጥሬ ደግሞ ለዘንድሮው መኸር የነቀዝ ዘር ናት። በዕቃ የታጨቀ ጓዳ እነዚህን ሥፍራዎች ከመጥረጊያ ይሰውራቸዋል።

በቀድሞው የሣር ክዳን ቤት በቆሎ ከምድጃው በላይ ሲሰቀል ጢሱ ያደርቀው፣ ነቀዝንም ያርቅለት ነበር። በቆርቆሮ ቤት ጓዳው ከምድጃ ተለይቶ የተዘጋ ክፍል ሆነ። ቆርቆሮን አልነቅፍም፤ ዝናቡን ያውቀዋልና! ነገር ግን ጢስ ያደርግልን የነበረውን ሥራ ዛሬ በእጃችን ልንሠራው ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የመርዝ ነገር ነው። የተባይ ማጥፊያ ጠርሙስ፣ ጽሑፉ የጠፋ መድኃኒት፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀዳ ነጭ ጋዝ በአንድ መደርደሪያ ከጨውና ከዘይት ጋር ይቀመጣሉ። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይለይም። መርዝ የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለውኃ ወይም ለምግብ ዘይት መያዣ አይሆንም። «አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያበቃል።

ጓዳውን ለማጽዳት የሚመቸው ጊዜ መስከረም ይመስለኛል። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ የሚከበረው በዚሁ ወር ሲሆን፣ የበቆሎውም መሰብሰቢያ በዚያው ሰሞን ነው። ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ስንጥቁ ተጠርጎ ጥራጊው ይቃጠል፤ ጆንያው በፈላ ውኃ ተነክሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እህሉም በሚገባ ከደረቀ በኋላ ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። አሁን በየገበያው የሚሸጥ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። አፉ አየር እንዳያስገባ ጠብቆ ሲታሰር በውስጡ የቀረው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ይህ ከረጢት ግን ከዶማና ከሚስማር አጠገብ ከተቀመጠ፣ ወይም ከዕቃው ክምር ሥር የተጠለለ አይጥ ከቀደደው፣ ከተራ ጆንያ አይሻልም።

ሥራው የማን ነው? «ጓዳ የሴት ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ነገር ግን በጓዳው የታጨቀውን ዕቃ በደንብ ብትመለከቱ የሚበዛው የአባትና የወንዶች ልጆች ነው፤ ዶማው፣ የማዳበሪያው ከረጢት፣ የመርዙ ጠርሙስ የእነርሱ ነው። እህሉ ሲጎድል የምትጠየቀው ግን እናት ናት። ይህ ፍርድ ለእኔ የተዛባ ነው። ስለዚህ ወንዶች ተማሪዎች፣ በመጪው ቅዳሜ የራሳችሁን ዕቃ ራሳችሁ አውጡ። እናታችሁን ሳታማክሩ አንዳች ነገር አትጣሉ፤ ሊጠገን የሚችለውን ጠግኑ፤ ዶማውንም በውጭ በኩል ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ስቀሉት።