ፊደል ከመቁጠር በፊት፦ ሕፃናት በቪዲዮ ማንበብ ይማራሉን?

በመስቀል ሰሞን እምድብር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመለሱ ልጆቿ በወልቂጤ በኩል እየገቡ ቤቱን ሁሉ ይሞሉታል። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ቀድሞ ስጦታው ጋቢ፣ ጫማ ወይም ስኳር ነበር። ባለፈው መስቀል በአንድ ዘመዴ ቤት ያየሁት ስጦታ ግን ለዐሥራ ስድስት ወር ሕፃን የተገዛ ታብሌት ነው። በውስጡ የእንግሊዝኛ ፊደላትንና ቃላትን በቀለምና በዘፈን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተጭነውበታል። ስጦታውን ያመጣው አጎት ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን ነካ ሲያደርገው የድመት ሥዕል ከእንግሊዝኛ ስሟ ጋር ብቅ አለ። ሕፃኑም «ካት» የሚመስል ድምፅ አሰማ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አጎት «አነበበ!» አለ። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት አያት ግን ዝም ብለው ቆዩና በቸሃ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ይህችን ጋጣ ውስጥ ያለችውን ላማችንንስ በስሟ ይጠራታል?» የመለሰላቸው አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ለአያት ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው። አቋሜ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከቪዲዮ ማንበብ እንደሚማር የሚያሳምን ማስረጃ የለም፤ ለቪዲዮው የሚሰጠው ሰዓት ግን ለንባብ እውነተኛ መሠረት ከሆነው ነገር፣ ማለትም ከሰው ጋር ከሚደረግ ንግግር፣ ላይ የሚቀነስ ነው። በእምድብርና መሰል ከተሞች ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ አብሮ የሚቀነሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነውና።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላምን። አጎቱን የገፋፋው ሥጋት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ልጁ ከእነዚህ አንዱ እንዳይሆን የሚፈራ ቤተሰብ መፍትሔ ቢፈልግ አይወቀስም። ጥያቄው የተገዛው መፍትሔ ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው በሌላ አገር በሚገባ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሱዛን ኒውማንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከ9 እስከ 18 ወር ዕድሜ ያላቸው 117 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ማንበብ ያስተምራሉ የተባሉ ቪዲዮዎችን፣ የቃል ካርዶችንና መጻሕፍትን ለሰባት ወራት በቤቱ ተጠቀመ፤ ሌላው ምንም አልተሰጠውም። በመጨረሻ የፊደል ስም፣ የፊደል ድምፅ፣ የቃላት ዕውቀትና የመሳሰለው ሁሉ ተመዘነ። ከ14ቱ መለኪያዎች በ13ቱ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት የታየበት አንዱ መለኪያ የወላጆች እምነት ነበር፤ ቪዲዮው የተሰጣቸው ወላጆች ልጃቸው እየተማረ መሆኑን አምነዋል። ስለዚህ በዘመዴ ቤት የተሰማው እልልታ ቅን እልልታ ቢሆንም ለማስረጃነት አይበቃም።

የንግዱ ታሪክም ከዚህ አይለይም። «ዩር ቤቢ ካን ሪድ» በሚል ስም፣ ትርጉሙም «ልጅዎ ማንበብ ይችላል» ማለት ነው፣ በአሜሪካ ሲሸጥ የነበረውን የቪዲዮና የካርድ ጥቅል የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰሰው። ክሱ ዘጠኝ ወር የሞላው ሕፃን ማንበብ ይችላል የሚለው ማስታወቂያ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም የሚል ነበር። ከአምራቹ ድርጅት ጋር በተደረገው ስምምነት የተወሰነው የገንዘብ መጠን 185 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ይህም ድርጅቱ ከ2008 ጀምሮ ካገኘው ጠቅላላ የሽያጭ ገቢ ጋር እኩል ነው። ድርጅቱ መክፈል ስላልቻለ አብዛኛው ዕዳ ታገደ። ያ ሁሉ ገንዘብ ግን ከወላጆች ኪስ የወጣ ነበር።

ለምን አልሠራም? ምክንያቱ ንባብ ምን እንደሆነ ስንጠይቅ ይገለጣል፤ ለዚህም ከራሳችን ፊደል የተሻለ ምሳሌ የለም። አንድ ሕፃን «ላም» የሚል ካርድ ሲያይ «ላም» ቢል የቃሉን መልክ እንደ ሥዕል ይዞታል ማለት ነው። ካርዱን ለውጠን «ላብ» ብናሳየው አሁንም «ላም» ሊል ይችላል። «ሎሚ» ብናሳየው ደግሞ የ«ሎ»ን እና የ«ላ»ን ዝምድና አያውቅም። ንባብ ማለት ይህን ዝምድና ማወቅ ነው፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ የአንድ ድምፅ ሰባት መልኮች መሆናቸውን፣ ቃልም ከእነዚህ ድምፆች ተገጣጥሞ የሚሠራ መሆኑን መረዳት ነው። ይህን የሚረዳ ልጅ አስቀድሞ ንግግርን በጆሮው ከፋፍሎ መስማት መቻል አለበት፤ ለዚህም ብዙ ቃላት፣ ብዙ ተረት፣ ብዙ እንቆቅልሽ ያስፈልገዋል። የኔታ ዘንድ የሚሄደው ልጅ አፉን ከፈታና ነገር ከለየ በኋላ የሚሄደው በከንቱ አልነበረም። በዚያም ቢሆን የፊደል ገበታው ብቻውን አያስተምርም፤ በስንደዶ እየጠቆመ ድምፁን የሚያሰማና የልጁን ስሕተት የሚያርም ሰው አጠገቡ ይቀመጣል።

የሕፃናት ቋንቋ ጥናትም ወደዚሁ ሰው ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለቻይንኛ ቋንቋ አጋለጡ። ለአንዳንዶቹ ቻይንኛ ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው መጽሐፍ እያነበቡና እያጫወቱ በ12 ቆይታዎች አናገሯቸው። ለሌሎቹ ያው ሰውና ያው ንግግር በቪዲዮ ቀረበ። ሰው ያናገራቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። በ2010 ደግሞ የጁዲ ደሎሽ ቡድን ከ12 እስከ 18 ወር ያሉ ሕፃናትን ለአንድ ወር ተከታትሎ፣ ቪዲዮ ያዩት ካላዩት የበለጠ ቃል እንዳልያዙ አገኘ። ከሁሉ የበለጠ ቃል የያዙት ያለ ምንም ቪዲዮ ወላጆቻቸው በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ያስተማሯቸው ነበሩ።

ጥናቶቹ በሌላ አገር የተካሄዱ መሆናቸው ግልጽ ነው፤ በእኛ አካባቢ ተመሳሳይ ጥናት ቢደረግ መልካም ነው። ነገር ግን የኩል ግኝት ለእምድብር ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ጆሮው በዙሪያው ወደሚሰማው ቋንቋ ያዘነብላል፤ የማይሰማቸውን ድምፆች የመለየት ችሎታው እየደከመ ይሄዳል። ቸሃ ደግሞ አማርኛም እንግሊዝኛም እንደ እርሱ የማይጠቀሙባቸው ድምፆች አሉት፤ ከንፈርን አክብበው የሚነገሩ የበ፣ የመና የፈ ዓይነቶች፣ ወደ ላንቃ ተጠግተው የሚነገሩ የከና የገ ዓይነቶች። እነዚህን ድምፆች የሚያሰማ የሕፃናት ቪዲዮ በዚያ ታብሌት ውስጥ የለም። የሚያሰሙት ምድጃው አጠገብ የተቀመጡት አያት ናቸው። ሕፃኑ ስክሪን ላይ ባፈጠጠ ሰዓት አያት ዝም ይላሉ። ኪሳራው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ቋንቋ ለንባብ የማይበቃ አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልቦለድ በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል። በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተዘጋጁ ተጨማሪ የግዕዝ ምልክቶች ወደ ዩኒኮድ ገብተዋል። የሚጽፍበት ፊደል የተገኘለት ቋንቋ የሚያነበው ልጅ እንዲያጣ ማድረግ አሳዛኝ ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የእናት ነው፦ «እንሰት ስፍቅ፣ ገበያ ስወጣ፣ ልጁን ማን ይያዝልኝ? ስልኩ ፋታ ይሰጠኛል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ በእርሷ ላይ ለመፍረድ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ሥራዋን ያግዛት። ሆኖም ፋታን ፋታ ብሎ መጥራት አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ብሎ መጥራት ሌላ ነው። ፋታ መሆኑን የምታውቅ እናት ታሳጥረዋለች፤ ትምህርት መስሎ የታያት ግን ታስረዝመዋለች። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ እንደሚቸግር ሁሉ፣ በጡት ዕድሜ የተለመደን ስክሪን በኋላ ማስጣል ቀላል አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ሕፃናትና ከዚያም በታች ላሉት ስክሪንን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን ይገልጻል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታዲያ የልጆች ፕሮግራም ሁሉ ከንቱ ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔዋን ፀሐይን ይዞ የመጣው አፋቸውን ለፈቱ፣ ታሪክ መከተል ለሚችሉና ለትምህርት ቤት ለሚዘጋጁ ልጆች ነው። አባባ ተስፋዬም ተረት የነገሩት ለእነዚሁ ነበር። ክርክሬ ከዕድሜው ጋር ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ የሚጠቅም ነገር ለዐሥራ ስድስት ወር ሕፃን ይጠቅማል ማለት፣ ለጎልማሳ የሚስማማ ቆጮ ለአራስ ይስማማል እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአጎቱ ነው፦ «እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ከሩቅ ሆኜ ለልጁ ምን ላድርግለት?» ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ የጉራጌ ቤተሰብ ግማሹ በአገር ቤት፣ ግማሹ በሥራ ከተማ ነውና። መልሱም ከዚያው ስልክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሳራ ሮዝቤሪና የባልደረቦቿ ጥናት፣ ከ24 እስከ 30 ወር ያሉ ሕፃናት በቪዲዮ ጥሪ ከሚያነጋግራቸው ሰው አዲስ ቃል መማር እንደቻሉ፣ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን እንዳልቻሉ አሳይቷል። ልዩነቱ ከስክሪኑ አይደለም። በጥሪው ያለው ሰው ይጠብቃል፣ ይመልሳል፣ ሕፃኑ የሳቀበትን አይቶ አብሮ ይስቃል። የተቀረጸው ቪዲዮ ሕፃኑ ቢያለቅስም ዘፈኑን ይቀጥላል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እናቶች ለክትባት ሲመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ጡትና ስለ ምግብ እንደሚመክሩት ሁሉ፣ ስለ ስክሪንና ከሕፃን ጋር ስለ መነጋገርም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ። ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ መዋዕለ ሕፃናትና የኦ ክፍል መምህራን የአዲስ ገቢ ልጅን ብቃት በሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብዛት አይለኩ፤ የወላጅ ሩጫ የሚጀምረው ከዚያ ልኬት ነው። ይልቁንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ታሪክ መናገር መቻሉን ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ የአካባቢው ተቋማትና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ከሦስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች በጉራጊኛ የተዘጋጁ ተረቶችንና የፊደል ትምህርቶችን ለመሥራት፣ ውጤታቸውንም ለመመዘን ይነሡ። በዚህ ዙሪያ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመደርደሪያ አልፎ ቤት ይገባል።

ከበዓሉ ማግስት አጎቱ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት በጀፎረው ላይ አብረን ስንሄድ ይህንኑ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ቪዲዮ ከመላክ እርስዎ ራስዎ ይደውሉለት» አልሁት። ቆም ብሎ፣ «ደውዬ ምን ልበለው? ገና አፉን ያልፈታ ልጅ!» አለኝ።

«እማማ ስልኩን ይዘው ጋጣው ዘንድ ይቁሙ፤ እርስዎ ላሟ ምን ስትሠራ እንደዋለች በቸሃ ይጠይቁት» አልሁት።