የሞተሩን ብድር በተመለከተ የጸሐፊው አስተያየት



ባለፈው ስብሰባ ሰዓት አጥሮን ያደረው ጉዳይ የሞተሩ ብድር ነው። አንድ የአባላችን ልጅ ከመሐል ሜዳ ወደ ገጠሩ ሰውና ዕቃ እያመላለስኩ እሠራለሁ ብሎ ከማኅበሩ ሣጥን ብድር ጠይቋል። ሥራ ማሰቡ ያስመሰግነዋል። ጭቅጭቁ በመረጠው ሞተር ላይ ነው። እጀታው እንደ በሬ ቀንድ የቆመ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ የፊት ጎማው ወደፊት ርቆ የወጣ፣ ቾፐር የሚሉት ዓይነት ነው።

እውነቱን ልናገርና ሻጩ ለማሳየት ባመጣው ጊዜ እኔም ተቀምጬበታለሁ። እግሬ መሬት ደረሰ፣ ወገቤም አረፈ። ምነው የኔ በሆነ ብያለሁ። ባለቤቴ ከደጅ ሆና እያየችኝ ስትስቅ ነበር። ስለዚህ ልጁ ለምን እንደወደደው ይገባኛል።

ነገር ግን ይኼ ሞተር ለየትኛው መንገድ ተሠራ? ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከሞተራቸው ላይ ትርፍ የመሰላቸውን እየቆረጡ ያወጡት ዓይነት ነው፤ ስሙም መቁረጥ ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው። የሚያምርበት በረጅም አስፋልት ላይ ነው። የኛን የገጠር መንገድ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆዱ ለመሬት የቀረበ ሞተር ድንጋይ ይመታዋል። የፊት ጎማው ስለራቀ በጠባብ ቦታ አይዞርም። ክረምት ጭቃ ውስጥ ቢተኛ ማን ያነሳዋል? የኋላ መቀመጫውማ እንኳን ዘንቢል ለያዘች እናት ለልጅም አይበቃ። ብድሩ የሚከፈለው እኮ ከኋላ ከሚቀመጠው ሰው ኪስ ነው!

በአንድ ነገር ግን ልጁ ልክ ነው። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። በቆላ ካለው ጉልበት ሞተር እዚህ ብዙ ያጣል። 100 ሲሲዋ ሁለት ሰው ጭና ዳገት ላይ ስታቃስት ሰምተናል። ጉልበት ያለው ይሻለኛል ማለቱ ጥጋብ አይደለም። ቢሆንም 150 ሲሲው ቦክሰርም ዳገቱን ይወጣል፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ መካኒኩም ያውቀዋል። ቾፐሩ ቢሰበር ዕቃ እስኪመጣ ይቆማል፤ የብድሩ ወር ግን አይቆምም።

ካልሆነልኝ አዲስ አበባ እሸጠዋለሁ ይላል። ኧረ እዚያማ ከ2011 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከልክሏል። ገዢው እንደ ድሮው አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ዋሱ ነው። እናቱ ዋስ ያደረጉት በጎቻቸውን ነው። ልጁ መክፈል ቢያቅተው እኚያን በጎች ለማስነዳት ደጃቸው የምሄደው እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው። ያን ደብዳቤ መጻፍ አልፈልግም።

እኔ በበኩሌ ድምፄን የምሰጠው ብድሩ እንዲፈቀድ፣ ገንዘቡም ለቦክሰሩ እንዲሆን፣ ልጁም አስቀድሞ መንጃ ፈቃዱን እንዲያሳይ ነው። ቾፐሩን ሠርቶ ካተረፈ በኋላ በራሱ ገንዘብ ይግዛ፤ ያኔ አንድ ዙር እኔንም ያስነዳኝ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ። ልጁና እናቱም ይመጣሉ።