ጡረታ የሚወሰነው 60 ዓመት ሲሞላ አይደለም

ኮምቦልቻ ላይ ስለ ፋብሪካ ሥራ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እጅህ ላይ ስንት ይደርሳል?» ነው። የሠራተኛው ዓይን የሚያርፈው ደመወዝ ወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች፣ መሠረታዊ ደመወዙ፣ አበሉ፣ ግብሩና የጡረታ መዋጮው፣ የሒሳብ ክፍሉ ጉዳይ ይመስሉታል። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደሴ ላይ ባንክ ደጃፍ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ጡረተኛ የሚቀበለው ገንዘብ ግን የተወሰነው በእነዚያ ማንም ልብ ብሎ ባላያቸው መስመሮች ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ ጡረታው መጠየቅ የሚጀምረው 58 ወይም 59 ዓመት ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው የተጻፈውን መደመር ብቻ ነው። ያልተጻፈ ዓመት አይፈጥርም፣ ዝቅ ተደርጎ የተመዘገበ ደመወዝም አያሳድግም። በ60 ዓመት የሚጠየቁት ጥያቄዎች በ30 ዓመት ሊጠየቁ ይገባል። ዋና ዋናዎቹ እነሆ።

🔹 የሚቆረጠው 7 በመቶ ምንድን ነው?

የመንግሥት ሠራተኛ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጡረታ ሕግ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአጠቃላይ በጡረታ የታቀፈው ግን በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም ሕጎች በአዲስ ተተክተዋል፤ የመንግሥት ሠራተኞቹ በአዋጅ ቁጥር 1267፣ የግል ድርጅት ሠራተኞቹ በአዋጅ ቁጥር 1268 ይተዳደራሉ። መዋጮው ያው ነው፦ ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል።

8,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ያላት ሠራተኛ 560 ብር ይቆረጥባታል። አሠሪዋ 880 ብር ይጨምርበታል። በየወሩ በስሟ መግባት ያለበት 1,440 ብር ነው። የአሠሪው ድርሻ ችሮታ አይደለም፤ የላቧ ዋጋ አካል ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ ቆርጦ ገቢ የማያደርግ ድርጅት ካለ፣ የሰው ገንዘብ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተቆረጠብኝ ወይ?» ሳይሆን «የተቆረጠው ገባ ወይ?» መሆን አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥሩን የማያውቅ ሠራተኛ ይህን ሊጠይቅ አይችልም።

🔹 በመጨረሻ ስንት ይከፈላል?

ስሌቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ደርሶ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ በየወሩ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ለሆነ ሰው 10 ዓመት ማለት 2,400 ብር ነው። 25 ዓመት ሲሆን 48.75 በመቶ፣ ማለትም 3,900 ብር ይሆናል። 70 በመቶ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድ ቀን ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ነው። የግሉ ዘርፍ ከ2003 ወዲህ የገባ በመሆኑ፣ በሌላ ቦታ የሚደመር አገልግሎት የሌለው የግል ሠራተኛ ዛሬ ጡረታ ቢወጣ ሊያስቆጥር የሚችለው 15 ዓመት ገደማ ነው። ይህም 36.25 በመቶ ነው። ከ10 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ ወርኃዊ ጡረታ አያገኝም። 9 ዓመት ተኩልና 10 ዓመት በስድስት ወር ይለያያሉ፤ ውጤታቸው ግን የዕድሜ ልክ ልዩነት ነው።

🔹 አበሉ ቢበዛ ምን ይጎዳል?

ብዙው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መዋጮውም ሆነ ጡረታው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። የትራንስፖርት፣ የቤት፣ የኃላፊነት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ውስጡ የሉም።

በድምሩ 12,000 ብር የሚከፈላቸው ሁለት ሠራተኞችን እናስብ። የአንዱ 12,000 ሙሉ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ነው። የሌላው መሠረታዊ 4,000 ብር ሲሆን የቀረው 8,000 በአበል መልክ ይሰጠዋል። ሁለተኛው የሚቆረጥበት መዋጮ ትንሽ ስለሆነ ዛሬ ኪሱ የሚገባው ከፍ ይላል፣ ደስም ይለዋል። ሁለቱም 25 ዓመት ሠርተው ሲወጡ ግን የመጀመሪያው 5,850 ብር ያገኛል፤ ሁለተኛው 1,950 ብር። ሥራቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ፣ እርጅናቸው ግን ለየቅል ነው።

አሠሪውም ምክንያት አለው። መሠረታዊ ደመወዝ በጨመረ ቁጥር የእሱም 11 በመቶ ይጨምራል። በጦርነት ለተዘረፈ፣ ገበያው ለራቀው ፋብሪካ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ነገር ግን ወጪው አልጠፋም፤ ከድርጅቱ መዝገብ ወደ አዛውንቱ ማዕድ ተዛወረ እንጂ። የደመወዝ ጭማሪ ድርድር ላይ «ስንት ተጨመረ?» ብቻ ሳይሆን «የት ላይ ተጨመረ?» ብሎ የማይጠይቅ የሠራተኛ ማኅበር ግማሹን ሥራ ትቶታል።

🔹 ሁለት ዓመት ሠርቶ የለቀቀ መዋጮው ቀለጠ?

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝተኛ አድርጓል። ብዙዎቹ ዓመት ከምናምን ሠርተው ይለቃሉ። ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ በጦርነቱ ተይዘው ቆዩ፤ ፓርኩን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ተዘረፉ። ኅዳር አልቆ ከተሞቹ ነፃ በወጡ በወሩ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ሥራ የፈታው ሰው ስለ ጡረታ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም።

ሆኖም በአንድ ድርጅት የተሠራ ዓመት በሌላው ላይ ይደመራል። ከግል ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ግል የተዛወረም አገልግሎቱ ይያዝለታል። የሚያጠፋው ሥራ መቀየሩ ሳይሆን ማስረጃ ማጣቱ ነው። ጦርነት ፋይል አይመርጥም፤ የተሰበረ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲወሰድ የሠራተኛው ማኅደር መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና የደመወዝ ወረቀት ቅጂ ከሠራተኛው ቤት መጥፋት የለበትም። በስልክ ፎቶ አንስቶ ለአንድ ዘመድ መላክ ወጪ የለውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተሞላው የልደት ዘመን እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ለቅጥር ሲባል በግምት የተጻፈ ዕድሜ ኋላ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው ደርሶ የሚወጣና በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ በሕጉ እኩል አይታዩም። ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከማስገባቱ በፊት መብቱን ጠይቆ ይወቅ።

🔹 ግብሩስ?

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከሥራ ግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከፍተኛው 35 በመቶ ደግሞ ከ10,900 ይልቅ ከ14,000 ብር በላይ ላይ ይጀምራል። 12,000 ብር ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር ከ2,700 ወደ 2,250 ብር ወርዷል። የ450 ብር እፎይታ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግብሩ የሚሰላው 7 በመቶው ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ መሆኑን ነው። ሠራተኛው ለእርጅናው በሚያስቀምጠው ብር ላይ ጭምር ግብር ይከፍላል ማለት ነው። በበርካታ አገሮች ለጡረታ የሚቀመጥ ገንዘብ ከግብር በፊት ይነሳለታል። መንግሥት ሰው ለእርጅናው እንዲቆጥብ ከፈለገ ከዚህ ቢጀምር ያምርበታል።

🔹 ባንክ ማስቀመጥ አይሻልም?

ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ወለል 7 በመቶ ነው። 100,000 ብር በዓመት 7,000 ብር ይወልዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በቁጠባ ወለድ ላይ የጣለው 5 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር ሲነሳ 6,650 ብር ይተርፋል። ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በናረባቸው 2014 እና 2015 ዓ.ም. ግን፣ በመቶ ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 130,000 ብር ያስፈልግ ነበር። የባንክ ደብተሩ ላይ ቁጥሩ አደገ፤ ገበያ ላይ ብሩ ከሳ።

በወሎ ደግሞ ወለድ የማይነካ ቆጣቢ ብዙ ነው። እሱ ሊያውቀው የሚገባው ልዩነት አለ፦ በወዲዓ የተቀመጠ ገንዘብ በአደራ የተያዘ ነው፣ ትርፍ አይጠበቅበትም፤ በሙዳራባ የተቀመጠው ከትርፉ ይካፈላል። ለ20 ዓመት የሚቀመጥን ገንዘብ በአደራ ሒሳብ ብቻ መተው ለዋጋ ንረት ማስረከብ ነው። ደኅንነቱን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

ስለዚህ ባንክ ለድንገተኛ ችግር ጥሩ ነው፣ ጡረታን ግን አይተካም። እቁብ ለመነሻ ያግዛል፤ ቅሬ ሐዘንን ይሸፍናል፤ ሁለቱም ግን የየወሩን አስቤዛ አይገዙም። ጓሮ ላይ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማከራየት ደሴም ኮምቦልቻም የታወቀ የእርጅና ዘዴ ነው፤ እንዲያውም ከዋጋ ጋር ኪራዩም ስለሚወጣ ከባንክ ይሻላል። የኪራይ ገቢ ግን ግብር እንዳለበት አይረሳ።

🔹 ባለ ጡረታው ቢሞት?

የትዳር ጓደኛ የሟቹን ጡረታ 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል፤ ድምሩ ከሟቹ ጡረታ አይበልጥም። ይህ መብት የሚቆመው በማስረጃ ነው። ጋብቻው በኒካህም ይፈጸም በቤተ ክርስቲያን ወይም በአገር ሽማግሌ፣ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ ሚስቲቱ በሐዘን ላይ ሳለች ምስክር ስታፈላልግ ትከርማለች።

ከሠራተኛው የሚጠበቀው ይህን ያህል ነው። የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው፣ ያውም ትልቁ። ሠራተኛው ሁሉን በትክክል ቢያደርግ እንኳ፣ በ60 ዓመቱ የተቆረጠለት 3,900 ብር በ65 ዓመቱም 3,900 ከሆነ ሕጉ ቃሉን ጠብቆ ሰውየውን አስርቦታል። ጭማሪ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ መቼና ስንት እንደሚሆን ግን ጡረተኛው አያውቅም። ጡረታ በየዓመቱ የዋጋውን ንረት እያየ በሕግ በታወቀ ቀመር መስተካከል አለበት። ፈንዱ አይችልም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። የጡረታ ገንዘብ ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች በሆነ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲውል የቆየ መሆኑም አብሮ ይታሰብ። መንግሥት ከሠራተኛው በርካሽ ተበድሯል፤ ሠራተኛው ሲያረጅ ያንን ማስታወስ ውለታ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህም ይቀላል። ባንኮች አሥር ብር ሲንቀሳቀስ በስልክ መልእክት ይልካሉ። የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቶችም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየወሩ «በዚህ ደመወዝ ይህን ያህል ገብቶልዎታል፤ አገልግሎትዎ ይህን ያህል ዓመት ደርሷል» የሚል አንድ መስመር ቢልኩ፣ የጠፋው ዓመት፣ የተሳሳተው ደመወዝ፣ ያልገባው መዋጮ 60 ዓመት ሳይጠበቅ በዚያው ወር ይታወቃል።

እስከዚያው ድረስ የዚህ ወር ደመወዝ ወረቀት ሲመጣ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ አለማጠፍ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው? 7 በመቶው ትክክል ነው? 11 በመቶው ገብቷል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ዛሬ የጠየቀች የ25 ዓመት ልጅ፣ ከ35 ዓመት በኋላ ደሴ ባንክ ደጃፍ ስትሰለፍ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች።