ተፈታኙ አንድ አንቀጽ ይጻፍ

በኬንያዋ ሞያሌ ወረዳ ዳበል የምትባል መንደር አለች፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስሟ የሚነሳው በወርቅ ቁፋሮዋ ነው። የዳበል ልጅና ከኬላው ወዲህ፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ያለው የእኛ ልጅ ቤታቸው የሚነጋገሩት በአንድ የቦረና ኦሮምኛ ነው። እንግሊዝኛ ጻፉ ሲባሉ ግን ይለያያሉ። ማታ ማታ ወደማስተምርበት ክፍል ከወዲያ ማዶ ዘመድ ጥየቃ የመጡ ልጆችም ጎራ ስለሚሉ ልዩነቱን ደብተራቸው ላይ አየዋለሁ።

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ኬንያ ውስጥ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ በኩል እስከ 8ኛ በኦሮምኛ ይማሩና 9ኛ ላይ ይቀየርባቸዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ልጆቻችን መቼ ጽፈው ይፈተናሉ?

ከተማሪዎቼ አንዱ ትራንዚተር ነው። ናይሮቢ ላለ ደንበኛው ገንዘቡን መክፈሉን ሲያሳውቅ «አይ ወዝ ፔይድ» ብሎ ጻፈ። ሰውየው «ማነው የከፈለህ?» ብሎ መለሰለት። ልጁ በልቡ «ከፍዬ ነበር» ብሏል፤ «ነበር»ን «ወዝ» አድርጎ ሲያስገባት ከፋዩ ተከፋይ ሆነ። «አይ ወዝ ዌንት» የሚሉትም ከዚያው ነው የሚያመጡት። የሚገርመው ይኸው ልጅ አራት ምርጫ ቢቀርብለት ትክክለኛውን ያከብባል፤ የግስ ጊዜያቱንም በየስማቸው ይዘረዝራል። ሰዋስውን ያጠናው ፊደል ለመምረጥ ነው፤ ጽፎ የታረመለት ዓረፍተ ነገር ግን የለም ማለት ይቻላል።

የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናችን ምርጫ ብቻ ነው። ኬንያውያን እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የ8ኛ ክፍል ፈተናቸው እንኳ ልጁን ድርሰት ያስጽፉት ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስም ያስጽፉታል። መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው፤ በዚህ አልወቅሰውም።

እኛ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ አስገብተን ፈተንን፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ኩረጃን ለማስቀረት ያ ሁሉ ድካም ተገቢ ነበር። ታዲያ ከጎረቤት ለመቅዳት ከተከበበ ፊደል የቀለለ ምን አለ? በራስ የተጻፈ አንቀጽ ሲሰረቅ ያስታውቃል።

«ያን ሁሉ ወረቀት ማን ያርማል?» እንደሚባል አውቃለሁ። ኬንያ በየዓመቱ መምህራኗን ሰብስባ፣ አበል ከፍላ ታሳርማለች። እኛም ለጅምሩ ስምንት መስመር ይበቃናል፤ «ትናንት የሠራኸውን ጻፍ» ዓይነት። እርማቱም ግሱ ጊዜውን መጠበቁንና ድርጊቱን ማን እንደፈጸመው መታወቁን ይይ። ትምህርት ሚኒስቴር በሚቀጥለው ፈተና በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሞክረው፤ ከሞያሌም አንዱን ይጨምርልን።