«ለምን?» ከአለቃ አፍ ሲወጣ

የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ «ለምን?» ብሎ 5 ጊዜ መጠየቅን ሲያስተምር በአንድ የቆመ ማሽን ይጀምር ነበር። ፊውዙ ተቃጥሏል። ለምን? ጭነት በዝቶበት። ለምን? ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ። ለምን? ፓምፑ በደንብ ስላልሳበ። ለምን? ዘንጉ ተበልቶ። ለምን? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገብቶበት።

ይኸው ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ቶርኖ ቤት ቢጠየቅ ከሁለተኛው «ለምን» አያልፍም። ሠራተኛው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላል። ፊውዝ ይቀየራል፣ ሥራ ይቀጥላል፣ ማሽኑም ይቃጠላል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚገኝበት የጃፓኖች ተከታታይ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ካይዘን፣ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን እገዛ ጠየቁ፤ ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሠልጣኞች በኩል ወደ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትም ወርዷል። ትርጉሙ ብልሃት አለው፦ የሥራ ቦታን ሥርዓት የሚያስይዙት የጃፓኖቹ 5 ቃላት ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እየተባሉ 5ቱ «ማ»ዎች ሆኑ። መዶሻና መፍቻ በየቦታቸው ተሰቀሉ። የአለቃው አነጋገር ግን እንደነበረ ቀረ።

«እኛ ዘንድ ታናሽ በታላቅ ፊት አይናገርም» የሚሉ አሉ። ጃፓንም እኮ ለታላቅ ጎንበስ የሚባልበት፣ ቋንቋው ራሱ በአክብሮት ደረጃ የተከፋፈለ አገር ነው! ቶዮታ መናገርን ለሠራተኛው ድፍረት አልተወውም፤ የሥራው ክፍል አደረገው። እንከን ያየ ሰው ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም ይችል ነበር።

ትንሽ ድርጅት ገመድ አያስፈልገውም፤ አሥር ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። የሚያስፈልገው ግሥ መለወጥ ነው። «ለምን አበላሸኸው?» ሲባል ጥፋተኛው እዚያው ግሡ ውስጥ ተፈርዶበታል። «ምን ሆኖ ነው?» ሲባል ግን ዓይን ሁሉ ወደ ማሽኑ ይዞራል። በዕድርና በዕቁብ ተራ ጠብቆ መናገር የለመደ ሕዝብ በሥራ ቦታ ሲሆን አፉን የሚይዘው በይሉኝታ ብቻ አይመስልም፤ የተናገረ ሲቀጣ ስላየም ነው።

ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ባለቤቱ ራሱ ትናንት ያበላሸውን ቢናገር ልጁም ስለ ኩሽኔታው አፍ ሊያወጣ ይችላል። ማጣሪያው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ የሚያውቀው እሱ ነው።