ሹፌሩ ትናንት የት አደረ?

አንባቢ ሆይ! በአሜሪካና በአውሮፓ አገር ብዙ ሰው በዕረፍቱ ጊዜ በትልቅ መርከብ ተሳፍሮ ከወደብ ወደብ እየዞረ መዝናናት ይወዳል። ታዲያ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ልጁን ለመዳር እንደሚያስብ አባት፣ የመርከቡን ኩባንያ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥርለታል። መንግሥትም ያግዘዋል። ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚመላለሱ የመንገደኛ መርከቦች ወጥ ቤታቸውና የመጠጥ ውሃቸው በድንገት ይመረመርና ከ100 ነጥብ ይሰጣቸዋል። 85 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል ይባላል፤ ውጤቱም ማንም እንዲያየው በይፋ ይወጣል።

እኛ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በመርከብ አንሄድም። የእኛ መርከብ አውቶቡሱ ነው። በመናኸሪያ በር ላይ የአውቶቡሶችን ነጥብ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪም ሆነ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ሥራ ያገኘ አዲስ ጸሐፊ፣ መርማሪው ራሱ መሆን አለበት።

ይህ ለጅማ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ከመጫኑ በፊት፣ ጓዙን የሚመራው ነጋድራስ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ግን የወንበሩን ልስላሴና የቴሌቪዥኑን ስፋት ይጠይቅና ይሳፈራል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለማግሥቱ ጅማ መድረስ ነበረብኝና ትኬት ሳልቆርጥ ዋልሁ። ማታ ከመናኸሪያው ውጭ አንድ ደላላ «አንድ ሰው ብቻ ቀረ» እያለ ሲጣራ ሰማሁት። አንዲት ወጣት ሻንጣዋን ይዛ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆማለች፤ በአጋሮ ተቀጥራ በነጋታው ሪፖርት የምታደርግ ናት። ሽበቴን አይታ ይሆናል፣ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ደኅና ነው?» አለችኝ። እኔም ምንም ሳልጠይቅ፣ «ደኅና ነው ልጄ፣ ግቢ» አልኋት።

ከወልቂጤ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹፌሩ አንቀላፋ። እግዚአብሔር ሲያተርፈን መኪናው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ዞሮ ቦዩ ውስጥ ገባ። የልጅቱ ክንድ ተሰበረ። በኋላ እንደ ሰማነው ሹፌሩ በዚያው ቀን ከጅማ የመጣ ሰው ነው፤ በዋዜማውም እንዲሁ ሲመላለስ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። ልጅቱ አልተቆጣችኝም፤ እንዲያውም ይቅርታ ስለምናት እሷ ታጽናናኝ ጀመር።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ርቀቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ እስከ ግቤ ድልድይ፣ ማለት እስከ 1,100 ሜትር ገደማ፣ ይወርድና እንደ ገና ወደ አበልቲ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ቁልቁለት አዋቂ ሹፌር በማርሽ ነው የሚወርደው። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ በሚያስፈልገው ሰዓት እንቢ ይለዋል። የደከመ ሹፌር ደግሞ ማርሹንም ፍሬኑንም አያስታውስም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማኅበሩ ስም ብቻ አያታልልህ፤ አንዱ ማኅበር አዲስም አሮጌም መኪና አለውና። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ከጅማ ሲገባ ሄደህ ጠብቅ። ትኬት ሻጭ ያመሰግናል፤ ከመኪና የሚወርድ መንገደኛ ግን አይዋሽም። ስንት ሰዓት ተነሡ? የት ተበላሸባችሁ? ሹፌሩ ስልክ ያነጋግራል? ብለህ ጠይቀው። ቆመህ ሳለህ የፊት ጎማዎቹን ተመልከት፤ ጥርሳቸው ካለቀ ሌላ ማየት አያስፈልግም። በመስተዋቱ ላይ የተለጠፉትን የቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ዓመተ ምሕረት አንብብ። ይህን መድን የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 በባለ መኪናው ላይ ግዴታ አድርጎታል።

ስለ በርጩማም አንድ ነገር ልበል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ማንም ቤቱ ቢያስቀምጠው የሚያኮራ ዕቃ ነው። ነገር ግን በአውቶቡስ መተላለፊያ ላይ ትርፍ ሰው ተቀምጦበት ያየሁ እንደ ሆነ እወርዳለሁ። አንድ ጊዜ ወርጄ ገንዘቤን ለማስመለስ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ አልቆጨኝም።

የቡናው ለቀማ በሚደራበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ነጋዴውም ጭነቱም ይበዛልና ትኬት ቀደም አድርጎ መቁረጥ ይሻላል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ቀን ጠይቅ። ወደ አጋሮ የምትሄድ እንደ ሆንህ ከጅማ በኋላ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርሃል። አምሽተህ ከገባህ ጅማ እደር፤ ጧት ተነሥተህ ሂድ። አለቃህ አንድ ቀን ቢቆጣ ይበርድለታል።

አይሮፕላንስ? በአየር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጅማ ይደረሳል። ዋጋው ግን የትንሽ ጸሐፊን ደመወዝ ክፉኛ ይነካል። ለታመመ ሰውና ቀን ለተቆረጠበት ጉዳይ እመክረዋለሁ። የሚፈቀደውን የጓዝ ክብደት ግን ቀድመህ ጠይቅ፤ ስትመለስ ቡናውና ማሩ ከሻንጣው ይበልጣልና።

ባለፈው ሰሞን ወደ ጅማ ስሄድ ሹፌሩን ከመኪናው አጠገብ አግኝቼ፣ «ወንድሜ፣ ትናንት የት አደርህ?» አልሁት። ረዳቱ ሳቀ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። «ከትናንት በስቲያ ገብቼ ሁለት ሌሊት እዚሁ ቤቴ ነው የተኛሁት፤ እርስዎስ በደንብ ተኝተዋል ጋሼ?» አለኝ። ትኬቴን ሰጥቼ ገባሁ።