ያልተጠየቀ ችግር የለም አይባልም

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ስለሚሰጠው የድባቴ ሕክምና ሲነሣ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ። የአካባቢው ሰው የመኝታውን ጉዳይ ለባዕድ አይናገርም፤ ብንጠይቀው ያፍራል፤ መድኃኒቱ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል ብንለው ክኒኑን ይጥለዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከድባቴው ይዳን፣ ሌላው ይደርሳል ይባላል። አስተያየቱ ለታካሚው ከማሰብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ስህተት ነው፤ ሊጠብቀው የሚፈልገውን ሰው መልሶ ይጎዳል።

ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር እንዴት እንደሚያሳስት ቦረና ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 1,854 የቦረና ሰዎችን በአፋን ኦሮሞ በተዘጋጀ መጠይቅ ጠይቆ አንድም የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ አላገኘም፤ ድባቴን ጨምሮ የስሜት ሕመሞች የተገኙትም በ1.7 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። በ2010 የታተመ ተከታይ ጥናት ግን የአካባቢውን ሰዎች በቡድን አወያይቶ ሕመሙን እነሱ በሚያውቁት መልክ ሲፈልግ፣ የለም የተባለው የአእምሮ ሕመም ተገኘ። የተለወጠው አፈላለጉ ነው።

በወሲብ ችግርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ ስፔን ውስጥ በ344 የፀረ ድባቴ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ችግሩን በራሳቸው አንሥተው የተናገሩት 14 በመቶ ሲሆኑ ሐኪሙ በቀጥታ ሲጠይቅ ግን ቁጥሩ 58 በመቶ ደረሰ። እዚያ ይህን ያህል ከተደበቀ፣ አባት በገዛ ልጁ አስተርጓሚነት ሕመሙን በሚያስረዳበት የምርመራ ክፍል ውስጥ ምን ያህሉ ሳይነገር ይቀር ይሆን?

ነገሩን የሚያከብደው ሕመሙም መድኃኒቱም አንድ ቦታ መምታታቸው ነው። ድባቴ ራሱ ፍላጎትን ያጠፋል። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ደግሞ ፍላጎት ሊቀንሱ፣ እርካታን ሊያዘገዩ ወይም ጭራሹን ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ አሚትሪፕቲሊንም የብልት መቆምን ሊያዳክም ይችላል። ክኒኑን ሳይጀምር ያልተጠየቀ ታካሚ ከሁለት ወር በኋላ ቢቸገር፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ ለመለየት መነሻ አይኖርም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ባልሰመሩበት ምድር፣ ከብቱን ያጣ ሰው ትዳሩም ሲቀዘቅዝ ሚስቱ ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል ብላ ብትጠረጥር አይፈረድባትም። ታማሚዋ እሷ ስትሆን ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይሸፈናል፤ ከግርዛትና ከወሊድ ጋር የተያያዘ ሕመምም ስላለ ጥያቄው ለእሷ እጥፍ ያስፈልጋታል።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ነጥብ፣ የጎንዮሽ ጉዳትን አስቀድሞ መናገር ራሱ ሥጋት ይፈጥራል የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ሆኖም ያልተነገረውም ሰው ችግሩ ሲደርስበት ክኒኑን ለማንም ሳይናገር ያቆማል። በድንገት ማቆም ማዞርና የእንቅልፍ መረበሽ ሊያመጣ፣ ድባቴውንም ሊመልስ ይችላል። ሥጋትን የሚያበርደው ከነመፍትሔው መናገር ነው።

መፍትሔው ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። ችግሩ ቀላል ከሆነ በቅርብ እየተከታተሉ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይቻላል፤ አንዳንዱን ይተወዋል። ድባቴው ከተሻለ ባለሙያው መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። ስኳር፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ጫትና አልኮል አብረው መታየት አለባቸው። የብልት መቆምን የሚያግዘው ሲልደናፊል አንዳንዶችን ይረዳል፤ ለልብ ሕመም ናይትሬት ለሚወስድ ሰው ግን አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም ምርመራ ከፋርማሲ አይገዛም። ቀን እየዘለሉ መዋጥም በተለይ ለፍሉኦክሰቲን አይሠራም፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል።

አጠያየቁም ቢሆን ከባድ አይደለም። ቤተሰቡ ለአፍታ ይውጣ፤ ቋንቋ ካልተግባቡ ከታካሚው ጋር ፆታው አንድ የሆነ የጤና ባለሙያ ያስተርጉም። ከዚያ «ድባቴ ካለባቸው ወይም ይህን መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ብዙዎቹ በትዳር ግንኙነታቸው ላይ ለውጥ ያያሉ፤ እርስዎስ?» ማለት ይበቃል። ብዙዎች እንደሚያጋጥማቸው የሰማ ሰው ለመመለስ ይቀለዋል፤ ዛሬ ባይመልስ እንኳ በሚቀጥለው ቀጠሮ በሩ ክፍት መሆኑን ያውቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባባሉ ኃላፊነቱን በታማሚው ላይ ይጥላል፤ የታማሚውን ይሉኝታ አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሙያ ግን የመጀመሪያውን ቃል ከእሱ መጠበቅ የለበትም። ባህልን ማክበር በዝግ በር፣ በለሰለሰ ቃልና በሰውየው ቋንቋ መጠየቅ ነው። ጥያቄው በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ፣ በየቀጠሮውም ይደገም።